አበባዋ ለምን ስትፈካ አልታየችም? ስለ ታይም ላፕስና ስሎው ሞሽን

ጥያቄ፦ «የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ሁለት ነገር በቪዲዮ ላሳያቸው ፈልጌያለሁ። አንዱ የአደንጓሬ ዘር ሲበቅል ነው። ሌላው የውሃ ጠብታ ቅጠል ላይ ስታርፍ ነው። ስልኬ ታይም ላፕስም ስሎው ሞሽንም አለው። ለመለማመድ ብዬ አንዲት እምቡጥ ስትፈካ በስሎው ሞሽን ለሦስት ደቂቃ ቀረጽኩ። ቪዲዮው ረዘመ እንጂ ምንም የሚታይ ነገር የለውም። ምን አጠፋሁ? ሁለቱስ በምን ይለያያሉ? ደግሞስ በተለመደው መንገድ ቀርጬ በኋላ በኤዲቲንግ ባፈጥነው ወይም ባዘገየው አይሆንም?»

መልስ፦

መምህር፣ ያሰቡት ሥራ በጣም ደስ ይላል። ጥያቄዎ ሦስት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ስሕተቱ ከስሙ የመጣ ነው። «ስሎው ሞሽን» ሲባል ብዙ ሰው «ዝግ ያለ ነገር መቅረጫ» ይመስለዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ስሎው ሞሽን ዓይን ሳይዘው ለሚያመልጥ ፈጣን ነገር ነው። ታይም ላፕስ ደግሞ ዓይን ቁጭ ብሎ ለማይጠብቀው ዝግተኛ ነገር ነው። ስሙ የሚነግረን በመጨረሻ ስክሪን ላይ የምናየውን ነው። ፊታችን ያለውን ነገር አይደለም።

የእርስዎን ሦስት ደቂቃ በቁጥር እንየው። ብዙ ስልኮች በስሎው ሞሽን በሰከንድ 240 ፍሬም (ማለትም ነጠላ ምስል) ያነሳሉ። ሦስት ደቂቃ 180 ሰከንድ ነው፤ በ240 ሲባዛ 43,200 ፍሬም ይሆናል። ቪዲዮው መልሶ የሚታየው ግን በሰከንድ 30 ፍሬም ነው። ስለዚህ የእርስዎ ሦስት ደቂቃ 24 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። እምቡጧ ለመፍካት ሰዓታት ትፈልጋለች። እርስዎ ከዚያ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆንጥረው ስምንት እጥፍ ለጠጡት። በዓይን የማይታይ የነበረው እንቅስቃሴ ጭራሽ ተደበቀ።

ሁለቱ ስልቶች በመሠረቱ አንድ ነገር ናቸው። ይህን ለመረዳት የድሮውን ካሜራ ማሰብ ይጠቅማል። የመጀመሪያዎቹ የፊልም ካሜራዎች በእጅ የሚዘወር እጀታ ነበራቸው። ካሜራማኑ እጀታውን ቶሎ ቶሎ ካሽከረከረው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ምስል ይነሳል። ያ ፊልም በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ሰዎቹ ተንሳፋፊ ይመስላሉ። ቀስ ብሎ ካሽከረከረው ደግሞ ጥቂት ምስል ይነሳል፤ ሲታይ ሰዎቹ ይሯሯጣሉ። ያው ካሜራ፣ ያው ፊልም፣ ያው እጀታ ነው። ልዩነቱ የክንዱ ፍጥነት ብቻ ነው።

ዛሬም የተለወጠ ነገር የለም። ሁለት ቁጥር አለ፦ የሚነሳበት ፍጥነትና የሚታይበት ፍጥነት። የሚታይበት አብዛኛውን ጊዜ 24፣ 25 ወይም 30 ፍሬም በሰከንድ ነው። የሚነሳበት ከዚያ ከበለጠ ጊዜ ይለጠጣል። ካነሰ ጊዜ ይጨመቃል። የእርስዎ ውሳኔ የሚነሳበትን ቁጥር መምረጥ ነው። ይህን ውሳኔ መወሰን ያለብዎት ካሜራው መቅረጽ ከመጀመሩ በፊት ነው። ምክንያቱን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ስንደርስ ያዩታል።

በነገራችን ላይ እርስዎ ልትሠሩት ያሰቡትን የሠራ ሌላ መምህር ነበር። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ፕፌፈር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲኒማ ገና ጨቅላ በነበረበት ጊዜ ዕፅዋትን በየተወሰነ ክፍተት እያነሳ እንቅስቃሴያቸውን አሳይቷል። ካነሳቸው መካከል ባቄላ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1904 ደግሞ ኦገስት ሙስገር የተባለ ኦስትሪያዊ ቄስና የፊዚክስ ሰው መስታወት በተገጠመለት ተሽከርካሪ ከበሮ ስሎው ሞሽን የሚያሳይ መሣሪያ ሠርቶ ፓተንት አወጣበት። በ1910 እንግሊዛዊው ፐርሲ ስሚዝ አበቦች ሲፈኩ የሚያሳይ ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። እነዚህ ሰዎች ዛሬ የእርስዎ ኪስ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ቢያገኙ ምን ያደርጉበት እንደነበር ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

አሁን ወደ አደንጓሬው እንሂድ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ምክንያቱም የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ይሄኛው ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የሒሳብ ነው፤ ቀላል ነው። ቪዲዮው ስክሪን ላይ ስንት ሰከንድ እንዲሆን ይፈልጋሉ? ያንን በ30 ያባዙት። የሚያስፈልግዎ የፎቶ ብዛት እሱ ነው። ከዚያ ድርጊቱ የሚፈጀውን ጊዜ በፎቶው ብዛት ያካፍሉት። በሁለት ፎቶ መካከል ያለው ክፍተት ይወጣልዎታል። ለምሳሌ ለአሥር ደቂቃ የሚያልፍ ደመና በ10 ሰከንድ ማሳየት ቢፈልጉ 300 ፎቶ ያስፈልጋል። 600 ሰከንድ ለ300 ሲካፈል 2 ነው። በየ2 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ማለት ነው።

አደንጓሬ ከዘር እስከ መጀመሪያዎቹ ቅጠሎች 10 ቀን ይፍጅ እንበል። በየ10 ደቂቃው አንድ ቢያነሱ በቀን 144፣ በ10 ቀን 1,440 ፎቶ ይሆናል። ይህ 48 ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ለክፍል ውስጥ ልክ ነው። ግን በየ10 ደቂቃው እንዲያነሱ አልመክርዎትም። በየ2 ደቂቃው ያንሱ።

ለምን? ተክል ወደ ላይ ብቻ አያድግም። እያደገ ይወዛወዛል፤ ቅጠሉም ቀን ተዘርግቶ ማታ ይወርዳል። ሐረግ የሚጥለው የአደንጓሬ ዓይነት ሲያድግ ደግሞ ጫፉ የሚይዘው ነገር ፍለጋ በአየር ላይ በክብ ይዞራል። አንዱ ዙር ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዳርዊን እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ አጥንቶ በ1880 አሳትሞታል፤ ያውም ያለ ፊልም ካሜራ። በየ10 ደቂቃው ካነሱ ያ ሙሉ ዙር 12 ፎቶ ብቻ ይሆናል። ስክሪን ላይ ከግማሽ ሰከንድ ያነሰ ነው። ተማሪው የሚያየው የሚንቀጠቀጥ ተክል ነው። «ንፋስ ነው» ይላል። በየ2 ደቂቃው ካነሱ ግን ያው ዙር 60 ፎቶ ሆኖ ሁለት ሰከንድ ይቆያል። ተክሉ እጁን ዘርግቶ ሲዳብስ ያዩታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዕፅዋት አይንቀሳቀሱም የሚለውን ነገር ዳግመኛ አይቀበልም።

በየ2 ደቂቃው 10 ቀን ሙሉ ሲነሳ 7,200 ፎቶ ይሆናል። አንዱ ፎቶ 3 ሜጋባይት ቢይዝ 21.6 ጊጋባይት ነው። ሜሞሪዎን ቀድመው ያጽዱ። ሁሉንም ቢያያይዙት 4 ደቂቃ ይወጣዋል። አጭሩን 48 ሰከንድ ከፈለጉ ከየአምስቱ አንዱን ብቻ ይውሰዱ። የተረፈ ፎቶ መጣል ይቻላል። ያልተነሳ ፎቶ ግን ከየትም አይመጣም። ሌላም ጥቅም አለው። በየ2 ደቂቃው ተነስቶ በ30 ፍሬም ሲታይ የስክሪኑ አንድ ሰከንድ በትክክል አንድ ሰዓት ነው። ተማሪዎቹ ሰከንድ እየቆጠሩ ሰዓት መለካት ይችላሉ። ከዚህ የተሻለ የክፍል ሥራ አይታየኝም።

ስልክዎ ላይ ያለው ታይም ላፕስ ግን ለዚህ አይሆንም። የተሠራው ለደቂቃዎችና ለጥቂት ሰዓታት ነው። አንዳንዱ ስልክ ቀረጻው በረዘመ ቁጥር ክፍተቱን ራሱ ያሰፋዋል፤ ቪዲዮው ምንጊዜም አጭር ሆኖ እንዲወጣ ብሎ ማለት ነው። ለፀሐይ መጥለቅ ድንቅ ነው። ለ10 ቀን ግን ክፍተቱን እርስዎ የሚወስኑበት የኢንተርቫል አፕ ያስፈልጋል። ካሜራ ካለዎት ብዙዎቹ ይህ ሴቲንግ አላቸው። ስልኩ የማይጠቀሙበት አሮጌ ስልክ ቢሆን ይመረጣል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉት፣ ቻርጀር ላይ ይሰኩት፣ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ያድርጉት።

ከዚያ ብርሃን አለ። ታይም ላፕስን የሚያበላሽ አንድ ነገር ጥቀስ ብባል ያለ ማመንታት ብርሃን ነው የምለው። ካሜራ አውቶ ላይ ከሆነ እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው ይለካል። አንዱን ትንሽ ያደምቃል፣ ቀጣዩን ትንሽ ያጨልማል። ፎቶዎቹን ለየብቻ ሲያዩ ልዩነቱ አይታወቅም። አያይዘው ሲያጫውቱ ግን ቪዲዮው እንደሚጠፋና እንደሚበራ አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። መድኃኒቱ ሁሉንም መቆለፍ ነው፦ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን)፣ ፎከሱን፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለሙን ሚዛን)። አብዛኛው ስልክ ላይ ስክሪኑን ተጭነው ሲቆዩ ኤክስፖዠርና ፎከስ ይቆለፋል። ማኑዋል ሞድ ያለው አፕ ካገኙ ደግሞ ሦስቱንም በእጅዎ ይወስኑ።

መቆለፉ ብቻውን አይበቃም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ብርሃንም መቆለፍ አለበት። በመስኮት የሚገባ ብርሃን በደመና ይለዋወጣል፤ ማታ ደግሞ የለም። ስለዚህ መስኮቱን ይጋርዱና በማይጠፋ መብራት ይቅረጹ። እዚህ ላይ እንደ ባዮሎጂ መምህር የሚያውቁት ነገር ይመጣል። ተክል ወደ ብርሃን ይጎነበሳል። ይህን ባሕርይ በዋናነት የሚቀሰቅሰው ሰማያዊው የብርሃን ክፍል ነው፤ ተራ ነጭ መብራት ውስጥ ደግሞ ሰማያዊው አለ። መብራቱን በአንድ በኩል ካደረጉት ተክልዎ ወደዚያው አጎንብሶ ከፍሬሙ ይወጣል። ከላይ ያድርጉት፣ ወይም በግራና በቀኝ እኩል ሁለት መብራት ይጠቀሙ። የቀንና የሌሊቱን የቅጠል እንቅስቃሴ ማሳየት ከፈለጉ ግን መብራቱን ቀን ብቻ ማብራት ይኖርብዎታል። ያኔ የሌሊቱ ፎቶ ጥቁር ይሆናል። እሱን በኤዲቲንግ ያወጡታል፣ ወይም ለፎቶዋ ቅጽበት ብቻ የምትበራ ደካማ ብርሃን ያዘጋጃሉ።

ሥሩንም ለማሳየት ዘሩን በመስታወት ብርጭቆ ግድግዳና በእርጥብ ሶፍት መካከል ያስገቡት። መስታወቱ የክፍሉን ዕቃ እንዳያንጸባርቅ ከካሜራው ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይስቀሉ። ተክሉ የሚያድግበትን ቦታ አስበው ከላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዉ። መጀመሪያ ላይ ዘሩ በጣም ትንሽ መስሎ ይታይዎታል። ይተዉት፤ በአራተኛው ቀን ያመሰግኑኛል።

አንድ የራሴን ልንገርዎት። መጀመሪያ ተክል ስቀርጽ ብርጭቆውን በየሁለት ቀኑ እያነሳሁ ውሃ አጠጣ ነበር። መልሼ የማስቀምጠው በትክክል ቦታው ላይ ይመስለኝ ነበር። ፎቶዎቹን ሳያይዛቸው ተክሉ በየሁለት ቀኑ አንድ ጣት ያህል ይዘላል። የዘጠኝ ቀን ሥራ ነበር፤ በጣም ነው ያዘንኩት። ከዚያ ወዲህ የምቀርጸውን ተክል አልነካም። በቀጭን ቱቦ ወይም በመርፌ ሲሪንጅ ከላይ አጠጣዋለሁ። ብርጭቆውን በፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር አጣብቀዋለሁ። ትራይፖዱ የቆመበትን ቦታም ወለሉ ላይ ምልክት አደርግበታለሁ። ለቤተሰብም፣ ክፍሉን ለሚያጸዳውም ሰው ቀድሜ እናገራለሁ። ቤት ውስጥ ቬንቲሌተር ካለ ያጥፉት፤ ቅጠሏ በነካት አየር ሁሉ ትንቀጠቀጣለች።

የውሃ ጠብታዋ ፍጹም ሌላ ዓለም ናት። አደንጓሬው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እሷ የምትፈልገው ብርሃን ነው።

ጠብታዋ ከ1 ሜትር ከፍታ ብትወድቅ ቅጠሉ ጋ ለመድረስ 0.45 ሰከንድ ገደማ ይበቃታል። በተለመደው 30 ፍሬም ይህ 13 ምስል ነው። በ240 ከተነሳ ግን 108 ምስል ይሆናል፤ ስክሪን ላይ 3.6 ሰከንድ ይቆያል። እስከዚህ ጥሩ ነው። ብዙ ሰው ግን የፍሬም ቁጥር ብቻ አይቶ ይረካል። እኩል የሚያስፈልገው ሹተሩ ነው። ሹተር ማለት ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበት ቆይታ ነው። ጠብታዋ ቅጠሉ ጋ ስትደርስ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ትበራለች። ሹተሩ ለ1/240 ሰከንድ ክፍት ከሆነ በዚያች ቅጽበት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። ስለዚህ ምስሉ ላይ ክብ ጠብታ አይታይም። የተጎተተች ክር ናት የምትታየው። ሹተሩን 1/2000 ካደረጉት ጉዞዋ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ከፍታውንም ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉት፤ ፍጥነቷ በሰከንድ ወደ 2 ሜትር ይቀንሳል፣ ጉዞዋም 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ያኔ ጠብታዋ ጠብታ ትመስላለች።

ዋጋው የሚከፈለው በብርሃን ነው። 1/2000 ሰከንድ ለተራ ቪዲዮ ከሚለመደው 1/50 በ40 እጥፍ ያነሰ ብርሃን ያስገባል። ክፍል ውስጥ በተራ አምፖል ከቀረጹ ቪዲዮው ጨልሞና አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ይወጣል። ስለዚህ ደጅ ይውጡ። ከቀትር በፊት ባለ ጠራራ ፀሐይ ይቅረጹ። ፀሐይዋን ከጠብታዋ በስተጀርባ ትንሽ ገደድ አድርገው ያዙ፤ ውሃ ከኋላ ሲበራ ነው የሚያምረው። ከጀርባው ጠቆር ያለ ነገር ካደረጉ ደግሞ እያንዳንዷ ፍንጣቂ ጎልታ ትወጣለች።

አምፖልን የምፈራው ስለሚያጨልም ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደበዝዛል፤ 60 ኸርዝ በሆነበት 120 ጊዜ። ዓይናችን አያውቀውም። በሰከንድ 240 ጊዜ የሚያይ ካሜራ ግን ያውቀዋል። ቪዲዮው ሲዘገይ ብርሃኑ እንደ ልብ ሲመታ ይታያል። ይህን በኤዲቲንግ ማጽዳት ከባድ ነው። ፀሐይ ግን አትደበዝዝም። በባትሪ የሚሠራ የቪዲዮ መብራት ካለዎትም ቀድመው አምስት ሰከንድ ቀርጸው ይፈትሹት።

ፎከሱን በተመለከተ ካሜራው የምትወድቅ ጠብታ ፈልጎ ሊያገኝ አይችልም። ጠብታዋ የምታርፍበት ቦታ ላይ የእርሳስ ጫፍ ይያዙ፣ እሱ ላይ ፎከስ አድርገው ይቆልፉ፣ ከዚያ እርሳሱን ያንሱት። ስልኩ መልሶ ሲያጫውት መጀመሪያውንና መጨረሻውን በተለመደ ፍጥነት፣ መሐሉን በዝግታ ሊያደርገው ይችላል። የሚዘገየውን ክፍል በጣትዎ ጎትተው ማስተካከል ይችላሉ።

አንዳንድ ስልኮች 960 ፍሬም ይላሉ። ቁጥሩ ትልቅ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ለአፍታ ብቻ ነው የሚሠራው፣ የምስል ጥራቱም ዝቅ ይላል። በአንዳንዱ ደግሞ ከፊሉ ፍሬም ስልኩ ራሱ የፈጠረው ነው። ለእርስዎ ሥራ ንጹሕ 240 ይበልጥብኛል።

የፍሬም ቁጥር ሲያንስ ካሜራ ሊዋሽ እንደሚችልም ይወቁ። ንብ ክንፏን በሰከንድ 230 ጊዜ ገደማ ታራግባለች። በ240 ፍሬም ብትቀርጿት በአንድ ርግብግብታ አንድ ምስል ብቻ ነው የሚደርሳት። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው። ክንፏ በጣም በዝግታ፣ ያውም ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። የመኪና ጎማ ቪዲዮ ላይ ወደ ኋላ ሲሽከረከር የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። የአደንጓሬው ሐረግ በየ10 ደቂቃው ሲነሳ የሚንቀጠቀጠውም ሥሩ አንድ ነው፦ ከሚደጋገመው እንቅስቃሴ አንጻር የተነሳው ምስል ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚመላለስ ነገር ሲቀርጹ ለአንዱ ዙር ከአሥር እጅግ የሚበልጥ ምስል እንዲደርስ ያስሉ። ሰከንድም ይሁን ሳምንት ሕጉ አይለወጥም።

ሦስተኛው ጥያቄዎ በኋላ ማፍጠንና ማዘግየት ይቻላል ወይ ነው።

ማፍጠን ይቻላል። ድርጊቱ እስከ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ እንዲያውም እኔ በተለመደው ቪዲዮ ቀርጬ በኋላ ማፍጠንን እመርጣለሁ። የፍጥነቱን ልክ ተረጋግቼ አይቼ እወስናለሁ። አንድ ሰዓት ሲሞላ ግን 108,000 ፍሬም ይሆናል። ስልኩ ይግላል፣ ሜሞሪው ይሞላል። አሥር ቀን ደግሞ የማይታሰብ ነው። በፎቶ የተሠራ ታይም ላፕስ ምስሉም ከቪዲዮ ይበልጣል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ከአንድ የ4ኬ ቪዲዮ ፍሬም ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ዝርዝር ይይዛል። ስለዚህ በኋላ ጠጋ አድርገው መቁረጥ ይችላሉ።

ማዘግየቱ ግን ሌላ ነው። በ30 ፍሬም የተነሳን ቪዲዮ ስምንት እጥፍ ቢያዘገዩት በሰከንድ አራት እንኳ የማይሞላ እውነተኛ ምስል ነው የሚቀርዎት። ቪዲዮው ይንገጫገጫል። ክፍተቱን በፈጠራ ፍሬም የሚሞሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ሁለት ምስል ይወስዱና መሐሉ ምን ሊመስል እንደሚችል ይገምታሉ። ለሚራመድ ሰው ብዙ ጊዜ ያምራል። ጠብታ ግን ስትሰነጠቅ ግምቱ አይሠራም። በሁለቱ ምስል መካከል ምን እንደሆነ ማንም አላየም፤ ሶፍትዌሩም አላየም። እርስዎ ደግሞ ይህን የሚያሳዩት ለሳይንስ ትምህርት ነው። ያልሆነን ነገር እንደሆነ አድርጎ ማሳየት ይሆንብዎታል። እኔ በዚህ ላይ አልደራደርም። ለማስተማሪያ የሚሆን ስሎው ሞሽን በካሜራ የተነሳ ብቻ መሆን አለበት።

በዚያው ምክንያት ቪዲዮው ጥግ ላይ ልኩን ይጻፉ። «3,600 እጥፍ ተፋጥኗል» ወይም «8 እጥፍ ዘግይቷል» ይበሉ። ለታይም ላፕሱ ከብርጭቆው አጠገብ ትንሽ የግድግዳ ሰዓት ቢያስቀምጡ ይበልጥ ያምራል። ስሎው ሞሽኑ ደግሞ ድምፁን ያጥፉት፤ የተለጠጠ ድምፅ የወፈረ ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ሁለቱን ስልት በአንድ ተክል ላይ ማሳየት ከፈለጉ አንድ ተክል ልጠቁምዎት። ቪነስ ፍላይትራፕ የምትባል ነፍሳት አጥማጅ ተክል አለች። ወጥመዷን የምትዘጋው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ነው። በተራ ቪዲዮ ሦስት ፍሬም፣ በ240 ደግሞ 24 ፍሬም ነው። ባዶውን ከዘጋች ግን መልሳ ለመክፈት ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። መዝጋቷን በስሎው ሞሽን፣ መክፈቷን በታይም ላፕስ አንስተው ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ተማሪዎችዎ የእኔን ገለጻ ሁሉ ሳይሰሙ ይገባቸዋል። ተክሏን ማግኘት ባይቻል ግን አይጨነቁ፤ አደንጓሬውና ጠብታዋ ይበቃሉ።

ዋናውን የአሥር ቀን ቀረጻ ከመጀመርዎ በፊት የስድስት ሰዓት ሙከራ ያድርጉ። ዘሩን፣ መብራቱን፣ ስልኩን ልክ እንደ ዋናው አዘጋጅተው በየ2 ደቂቃው ያንሱ። 180 ፎቶ ይኖርዎታል፤ ስድስት ሰከንድ ቪዲዮ ነው። ደጋግመው ይዩት። ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል? ፍሬሙ ይንቀሳቀሳል? ስልኩ መሐል ላይ ፎቶ ዘሎ ይሆን? የፎቶዎቹን ቁጥር ይቁጠሩ፤ 180 ካልሞላ አፑን ይቀይሩ። ሁሉም ደህና ከሆነ የተሞከረበትን ዘር ያውጡና ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያደረ አዲስ ዘር ያስገቡ። ከዚያ ይጀምሩ።